በዲስክ የተቀመጠ አደራ



በየቤታችን ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከቡፌው መሳቢያ ውስጥ በፌስታል የተቋጠሩ ዲስኮች አይጠፉም። የሠርግ ቪሲዲ፣ ከዓረብ አገር ዘመድ የላከው ዲቪዲ፣ የዒድ ቀን ፎቶዎች የተሰበሰቡበት ሲዲ፣ ሠላሳው ጁዝእ በሙሉ የተቀዳበት የቁርኣን ኤም ፒ ስሪ። የእጅ ስልክ ሁሉን ነገር እስኪጠቀልለው ድረስ፣ ለዓመታት ቤተሰብ ድምፁንና ምስሉን በአደራ ያስቀመጠው በእነዚህ ክብ ነገሮች ላይ ነበር።

ዲስኮቹን የሚያጫውተው ዴክ ግን በብዙ ቤት ከተበላሸ ቆይቷል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም ዲስክ የሚጎርስ አፍ የላቸውም። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤር የተሰኘውን ስስ ላፕቶፕ ያለ ዲስክ ማንበቢያ አወጣ፤ በ2016 ደግሞ ዲስክ ማንበቢያ የነበረውን የመጨረሻ ላፕቶፑን ከገበያ አነሣ። ሌሎች አምራቾችም በዚያው መንገድ ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ በተለምዶ ሲዲ ሮም የምንለው ድራይቭ በብዛት የሚገኘው ብዙ ዓመት ባገለገሉ ላፕቶፖች ውስጥ ነው። እርሱም በተራው እያረጀ ነው። ድራይቩ ሲያረጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በዲስኩ ላይ ይሆናል። በእኛ ቤት የሆነውን የማወጋችሁ ለዚህ ነው።

ከጉዞ በፊት የተደረገ ምርቃት

በ1996 ዓ.ም. ታላቅ እህቴ ከደሴ ተነሥታ ወደ ጅዳ ልትሄድ በተዘጋጀችበት ዋዜማ ሌሊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። ቡናው ተፈላ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ አባታችን ልጁን ፊቱ አስቀምጦ መከራት፤ ከዚያም መረቃት። የወሎ ሰው ምርቃት እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ይመርቃል፣ ቤቱ በሙሉ «አሚን» እያለ ይቀበላል። አንድ የሠፈራችን ወጣት ያንን ሁሉ በቴፕ ቀዳልን።

ካሴቱ በተደጋጋሚ ሲሰማ ክሩ መላላት ጀመረ። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ተወስዶ በሲዲ ተገለበጠ። አባታችን በ2001 ዓ.ም. ወደ ማይቀረው ሄደ። እህቴ የዚያን ጊዜ መምጣት አልቻለችም፤ በስልክ አልቅሳ ቀረች። ካሴቱም ቤት ስንለውጥ ጠፋ። ስለዚህ የአባታችን ድምፅ በዓለም ላይ ያለው በዚያች አንዲት ሲዲ ላይ ብቻ ሆነ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ሲዲዋን ከሌሎቹ የምትለይበት የጨርቅ ከረጢት ሰፍታ አፉን በአረንጓዴ ክር ቋጠረችው። አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ስትመጣም ከልብሷ ቀድማ የያዘችው እሱን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በሻዕባን ወር እህቴ ደወለች። ልጇ ከዒድ በኋላ ኒካሕ ታስራለች። «አያቷን አታውቃቸውም። ኒካሑ ላይ አባባ ራሱ ይመርቃት። ድምፁን ላኩልኝ» አለች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እናቴ ሥራ አጣች፤ ሁልጊዜ «ላካችሁላት ወይ?» ሆነ።

«አባታችሁ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ በሉኛ»

ቤት ውስጥ በ2004 ዓ.ም. የተገዛ ላፕቶፕ አለን። ሲዲዋን ጎረሰ፤ አሽከረከረ፤ ጥቂት ቀጭ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ዲስክ አስገቡ የሚል ጽሑፍም አወጣ። ደግመን ብንሞክርም ያው ነው። ወደ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድነው፤ እናቴም አብራን ሄደች። ልጁ ትሑት ነው። ከመደርደሪያው አንድ የፊልም ዲቪዲ አንሥቶ አስገባ። ፊልሙ ያለ ችግር ተጫወተ። ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ ያዩታል፤ ድራይቩ ጤነኛ ነው። የሞተው ዲስኩ ነው» አላት።

እናቴ ከረጢቷን ተቀብላ ክሩን መልሳ ቋጠረችና፣ «አባታችሁ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ በሉኛ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ጠጋኙ ለእኔ ሌላ ሐሳብ አቀረበልኝ። «እትዬ፣ ዛሬ ማን ሲዲ ያያል? ድራይቩን ላውጣውና በቦታው ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ላስገባበት፤ ላፕቶፑም ይፈጥንልዎታል» አለኝ። ይህ ክፉ ምክር አይደለም። በድራይቩ ቦታ ልክ የተሠራ የሃርድ ዲስክ ማቀፊያ አለ፤ ብዙ ሰዎች አሮጌ ላፕቶፓቸውን በዚህ መንገድ አድሰዋል። ዲስክ ለሌለው ቤት ደግ ነገር ነው። እኛ ግን ቤታችን በዲስክ የተሞላ ነበር። ላፕቶፑን ይዘን ተመለስን።

አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ብርሃን

ነገሩን የፈታው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነው ልጄ ነው። በቤት ያለውን ፌስታል ዘርግፎ ሲዲውን ለብቻ፣ ዲቪዲውን ለብቻ ደረደረና አንድ በአንድ ሞከራቸው። ዲቪዲዎቹ በሙሉ ተነበቡ። ሲዲዎቹ ግን፣ ትናንት የተገዛ የሚመስለው እንኳ ሳይቀር፣ አንዳቸውም አልተነበቡም። «እማዬ፣ ሁሉም ሲዲዎች በአንድ ቀን ሊሞቱ አይችሉም። የታመመው ድራይቩ ነው» አለኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሲዲን ፊሊፕስና ሶኒ የተባሉት ኩባንያዎች ሠርተው ለገበያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዲቪዲ የመጣው ከ1996 ወዲህ ነው። ሁለቱም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ጽሑፋቸው ግን ይለያያል። በሲዲ ላይ ያለው ረቂቅ መስመር ከመሐል ተነሥቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ቢተረተር ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የዲቪዲው መስመር ደግሞ ከዚያ ይበልጥ የተጠጋጋ ነው። ለዚህም ነው ሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ ባለ አንድ ንብርብሩ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው።

ድራይቩ እነዚህን መስመሮች የሚያነበው በጨረር ነው። ለሲዲ 780 ናኖ ሜትር የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር ያስፈልገዋል፤ ለዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ ጨረር። ሁለቱንም የሚያነብ ድራይቭ ሁለቱን ጨረሮች በውስጡ ይዟል ማለት ነው። አንደኛው ደክሞ ሌላኛው በጤና ሊሠራ ይችላል። ጠጋኙ በፊልም የፈተነው ጤነኛውን ዓይን ነበር፤ የአባታችን ድምፅ ያለው ግን በደከመው ዓይን በኩል ነው። በተጨማሪም በቤትና በሱቅ የሚቀዳ ዲስክ ከፋብሪካ ከታተመው ይልቅ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ጽሑፉ ያለው በቀጭን ቀለም ላይ ነውና። የደከመ ድራይቭ አስቀድሞ የሚከዳው እንዲህ ያለውን ዲስክ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ዲስክ በሌላ ጤነኛ ድራይቭ ሳይሞከር «ሞቷል» አይባልም። አንዳንዴም መፍትሔው ከዚህ ይቀላል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ይበቃል፤ ዙሪያውን እያሽከረከሩ መጥረግ ግን ጭረቱን በመስመሩ አቅጣጫ ስለሚያደርገው ይጎዳል። የድራይቩ ሌንስም አቧራ ይይዛል፤ መሳቢያው ሲወጣ የምትታየዋን ትንሽ መስተዋት በንጹሕ ጥጥ ቀስ አድርጎ ማበስ ነው። የእኛው ድራይቭ ሌንሱ ተጠርጎም አላነበበም።

የትኛው ድራይቭ?

ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው በዩኤስቢ ገመድ ከውጭ የሚሰካ ድራይቭ መግዛት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህ ይሻላል፤ ምንም መፍታት የለበትም። ሁለተኛው የላፕቶፑን ድራይቭ በሌላ መተካት ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። የላፕቶፑ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ላልተዋል፤ ለእናቴም ያለ ገመድ፣ ዲስኩን አስገብቶ መስማት ይቀላታል። ስክሪናቸው ተሰብሮ ለዕቃ ከሚፈቱ ላፕቶፖች የወጣ ድራይቭም በቀላሉ ይገኛል።

ሲገዛ መታየት ያለበት ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ውፍረቱ። የላፕቶፕ ድራይቮች በብዛት 12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ወፍራሙ በስሱ ቦታ አይገባም። ሁለተኛ መሰኪያው። የቆዩት ላፕቶፖች አይዲኢ የሚባለውን ባለ 50 እግር መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሳታ የሚባለውን፣ ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ያለውን። አንዱ በሌላው ቦታ አይሰካም። ሦስተኛው አሠራሩ ነው፤ መሳቢያ ያለውና ዲስኩን በቀጭን ስንጥቅ የሚውጠው አይተካኩም። ከሁሉ የሚሻለው የድሮውን ድራይቭ አውጥቶ ይዞ መሄድና ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

ልጄ ወደ ሱቁ ሲሄድ የአያቱን ሲዲ አልወሰደም። በቤት የተቀዳ ሌላ ሲዲ ይዞ ሄደና አዲሱ ድራይቭ ያንን ሲያነብ በዓይኑ ካየ በኋላ ገዛ። አሮጌ ድራይቭ በፊልም ብቻ ተፈትኖ አይገዛም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ አይተናል።

ከቡና በፊት የሚያልቅ ሥራ

ሥራውን የሠራነው በቤታችን ምንጣፍ ላይ፣ እናቴ ቡና እየቆላች ነው። ከአንድ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴና ከአንድ አግራፍ በቀር ሌላ መሣሪያ አላስፈለገንም።

በቅድሚያ በድራይቩ ውስጥ ዲስክ አለመኖሩ ይታያል። መሳቢያው አልከፈት ካለ በፊቱ ላይ መርፌ የምታስገባ የምትመስል ቀዳዳ አለች፤ የተቃና አግራፍ አስገብቶ ቀስ ብሎ ሲገፉት መብራት ባይኖርም ይከፈታል። ከዚያ ላፕቶፑ ጨርሶ ይጠፋል፤ ማንቀላፋቱ አይበቃም። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነም ይወጣል። የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ይያዛል፤ በውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እንዲያልቅ ነው።

ላፕቶፑ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል። በብዙ ላፕቶፖች ድራይቩን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ አንዳንዴ አጠገቡ ትንሽ የዲስክ ምልክት ታትሞበታል። በአንዳንዱ ብሎኑ ከሃርድ ዲስኩ ወይም ከሜሞሪው ክዳን ሥር ይሸሸጋል። ጥቂቶች ደግሞ መላው አካላቸው ካልተፈታ ድራይቩን አይለቁም፤ እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መስጠት ነው። የእኛው ባለ አንድ ብሎን ነበር። ብሎኑ ሲወጣ ድራይቩ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን ይሳባል። እምቢ ካለ በጣት ጥፍር ጠርዙን ይዞ ቀስ በቀስ መሳብ እንጂ ማስገደድ አያስፈልግም።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር ከድሮው ይወሰዳል። አንዱ ከበስተኋላ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረው ቆርቆሮ ነው፤ የላፕቶፑ ብሎን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ሁለተኛው የፊቱ ፕላስቲክ ነው። መሳቢያውን በአግራፍ ከፍቶ ትናንሽ ጥርሶቹን በመጫን ይላቀቃል። ቅርጹ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ስለሚለያይ፣ የድሮው ፊት በአዲሱ ላይ ሲገጠም ጎኑ ቀጥ ይላል። ከዚያ ድራይቩ እስኪጠብቅ ተገፍቶ ይገባል፤ ብሎኑ ይመለሳል። ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስ ራሱ ያውቀዋል፤ የሚጫን ነገር የለም። የወጣውን አሮጌ ድራይቭ ግን ልጆች ፈታተው እንዳይጫወቱበት፤ በውስጡ ያለው ጨረር ዓይን ይጎዳል።

ዘጠኙ ተነበቡ

እናቴ ክሩን ፈትታ ሲዲዋን በገዛ እጇ ሰጠችን። ድራይቩ አሽከረከረ፤ እኛም ዝም አልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የስኒ ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ከዚያም አባታችን ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አልሐምዱሊላህ። እናቴ ምርቃቱን ተቀብላ «አሚን» ማለት ጀመረች። በዚያ ሌሊት ከነበሩት ጎረቤቶች ስንቱ ዛሬ የለም፤ የሁሉም «አሚን» ግን እዚያው ነበር።

ልጄ እኛ እስክንጠግብ አልጠበቀም። ሲዲዋ ተሰምታ ብትቀመጥ ነገ እንደምትነበብ ዋስትና የለምና ወዲያው መቅዳት ጀመረ። ለድምፅ ሲዲ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ተጠቀመ፤ ይህ ፕሮግራም የተጠራጠረውን ቦታ እየደጋገመ ያነባል። ፋይል ለያዙ ዲስኮች ደግሞ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ያወጣና ከዚያ ወደ ተጎዳው ይመለሳል።

የሲዲዋ መጨረሻ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው ብለናል፤ እጅ የሚነካው፣ ከረጢት የሚፍቀው ደግሞ ጠርዙን ነው። አባታችን የጎረቤቶቹን ስም እየጠራ የመረቀበት የመጨረሻው ክፍል ተቆራረጠብን። የእህቴ ምርቃት ከነሙሉ ቃሉ ተርፏል። በዚያው ሌሊት ወደ ጅዳ ተላከ፤ በኒካሑም ላይ ተሰማ። የእህቴ ልጅ፣ አያቷን በመልክ የማታውቀው፣ ከሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አሚን» ስትል እንደነበር ነገሩን።

በቤት ከነበሩት ዐሥራ አንድ ሲዲና ቪሲዲዎች ውስጥ ዘጠኙ በአዲሱ ድራይቭ ተነበቡ። በድሮው ድራይቭ አንዳቸውም አልተነበቡም ነበር። ሁለቱ በየትኛውም አልሠሩም፤ እነርሱንም አልጣልናቸውም።

አደራን በጊዜው

ዲስኮች ለሚቀመጡበት ሁኔታ ይሳሳሉ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ዲስክ በራሱ ማቀፊያ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ እንዲቀመጥ፣ ወረቀትም እንዳይለጠፍበት ይመክራል። በተለይ የሲዲ ጀርባ፣ ስም የምንጽፍበት በኩል ያለው፣ ከፊቱ ይበልጥ ስስ ነው፤ ጽሑፉን የያዘው ንብርብር ከዚያ ቀለም ሥር ነውና። በስክሪፕቶ መጻፍ ይጎዳዋል።

ከዓረብ አገር ተገዝቶ የመጣ የፊልም ዲቪዲ አልነበብ ካለም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። የንግድ ዲቪዲዎች በክልል ይከፈላሉ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2ኛው፣ ኢትዮጵያ በ5ኛው ክልል ናቸው። የላፕቶፕ ድራይቭ ክልሉን ለመቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው። በቤት የተቀዳ ዲስክ ግን ይህ ክልል አይመለከተውም።

የወጣውን ድምፅና ምስል በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ፍላሽም ይጠፋል፣ ስልክም ይሰረቃል። እኛ አንዱን ቅጂ በላፕቶፑ፣ አንዱን በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን ጅዳ እህቴ ዘንድ አድርገናል።

ድራይቭ የሚተካ ዕቃ ነው፤ ዛሬ አንዱ ቢሰበር ነገ ሌላ ይገዛል፤ ለጊዜው ገበያ ላይ አለ። በዲስኩ ላይ ያለው ድምፅ ግን ከየትም አይገዛም። ጤነኛ ድራይቭ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ፌስታሉን ፍቱት። አያቶች በሕይወት ካሉም አብራችሁ ስሙት፤ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ማን እንደሳቀ፣ ያ የሚያለቅሰው ሕፃን ማን እንደነበረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ስሙን ጻፉበት። ያ እውቀት በየትኛውም ዲስክ ላይ አልተቀዳም።